ማንም የማያየው ጓሮ

የቤቱን ፊት ብቻ የሚያድስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ነፋስ ስልክ ጎረቤቴ ነበሩ። ጋሽ በየነ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። እንቁጣጣሽ ሲቃረብ የጭቃ ቤታቸውን ፊት ኖራ፣ የግቢውን በር አረንጓዴ ቀለም ይቀቡታል። በጓሮ በኩል ግን አሸንዳው ተበስቶ የጣሪያው ውኃ ግድግዳው ላይ ይወርዳል።

«ኧረ እባክህ፣ ያንን አሸንዳ አሠራው» ይሏቸዋል ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ።

«ጓሮውን ማን ያየዋል?»

እውነት ነው፤ ከዝናብ በቀር ማን ያየዋል?

አንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ያ ግድግዳ ተንዶ፣ እትዬ ጽጌ ከምሳ በኋላ ጋደም የሚሉበት አልጋ ላይ ወደቀ። ድምፁን ሰምተን ስንሮጥ ጋሽ በየነ ጭቃውን በእጃቸው እየዛቁ «ጽጌ! ጽጌ!» ይላሉ። ሳሎን ሬዲዮ ሲያዳምጡ ባለቤታቸው ለቅሶ ለመድረስ መውጣታቸውን ልብ አላሉም ነበር። «ኧረ ጋሼ፣ እትዬ ቤት የሉም!» ብንላቸውም አልሰሙንም። ጥፍራቸው እስኪደማ ዛቁ።

እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ደረሱና የባላቸውን ትከሻ ያዙ።

«አለሁ» አሏቸው።

ጋሽ በየነ ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። እኛም ወደየቤታችን ተበተንን። እኔ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ጓሮዬ ነው።

በማግስቱ ማለዳ መሰላል ልዋስ የሰፈራችን አናጺ ቤት ስሄድ ሦስት አባወራዎች ቀድመውኝ ቆመዋል። ማናችንም ቀና ብለን አልተያየንም።