«ለኪ» ብዬ ስከለክላት

ሰው ሱቅ የሚገባው ልብስ ሊገዛ ይመስላችኋል? እኔ ነቀምቴ ላይ ልብስ ስሸጥ ፀጉሬ ሸበተ፤ እስካሁን ልብስ ብቻ ፈልጎ የመጣ ሰው አላየሁም። ሱቄ ውስጥ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት አለ። ደንበኛው ኮቱን ደርቦ መስታወቱ ፊት ሲቆም ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። አንዱ ሠርጉ ላይ ነው፣ አንዱ የቢሮ ወንበር ላይ ይሽከረከራል፣ አንዷ አዲስ አበባ ደርሳ ባለሥልጣን ሆናለች። ውጭ ያካፋል፣ ጉሙ ከተማውን ግማሹን ውጦታል፣ እኔም ዋጋ ሳልናገር ትንሽ እታገሳለሁ። ሕልም ላይ ያለን ሰው በዋጋ መቀስቀስ ግፍ ነው። ነጋዴ ነኝ እንጂ ጨካኝ አይደለሁም።

ችግሩ የገዛ ልጅ ስታልም ነው።

ልጄ ሃዊ ትባላለች። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ጫልቱ ናት፤ በኦሮምኛ ምኞት ማለት ነው። ልጁን ምኞት ብሎ የሰየመ ሰው አትመኚ ለማለት ምን አፍ አለው? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ አምሮ ሲመጣ ጫልቱ ነገሩን ጨርሳው ነበር፤ እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ትማራለች፣ ማታ ማታ እቤቷ ራቷን ትበላለች፣ ትመረቃለች። ሃዊ ግን ያማራት የመከላከያ እጩ መኮንንነት ነው። ምህንድስናውንም ማዕረጉንም በአንድ ላይ፤ ዲግሪው በእጇ፣ የምክትል መቶ አለቃነቱ ኮከብ በትከሻዋ። ምልመላውን ሳትነግረን ሄዳ አልፋ መጣች።

ከየት አመጣችው? እኔ እንጃ። ትንሽ ልጅ ሳለች አያቷን ልንጠይቅ ወደ አንገር ጉቲን ስንሄድ ጎርፍ ድልድዩን ወስዶት መንገድ ላይ ቀርተን ነበር። ወታደሮች መጥተው የብረት ድልድይ ሲዘረጉ፣ እኛ ራበን እያልን ስንነጫነጭ፣ እሷ ጭቃው ውስጥ ቆማ አፏን ከፍታ ታያቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

«መጀመሪያ ዲግሪሽን ያዢ፤ ዩኒፎርሙ የትም አይሄድም» ብዬ ላግባባት ሞከርኩ።

«አባዬ፣ አንተስ ኮቱን ዛሬ፣ ሱሪውን የዛሬ አምስት ዓመት ብለህ ትሸጣለህ?» አለችኝ። የነጋዴ ልጅ!

ጫልቱ እንቅልፍ አጣች። በዚህ ዘመን ወለጋ ውስጥ የዩኒፎርም ነገር ሲነሳ ሰው ድምፁን ይቀንሳል፣ እናት ጸሎቷን ትጨምራለች። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ያዘችኝ። «አባ ሃዊ፣ አንተን ትሰማለች። በአንድ ቃል ከልክላት። ደግሞ እንዳታባብል!»

እሺ አልኩ። እኔ የጉራጌ ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው። ቢሆንም ቃሉ ከበድ እንዲል፣ ጫልቱም ምስክር እንድትሆነኝ ብዬ በእሷ ቋንቋ ልናገር ወሰንኩ። ግንባሬን ቋጥሬ፣ ጣቴን ቀስሬ፣ «ሃዊ፣ ለኪ!» አልኩ። በኦሮምኛ አይሆንም ማለት ነው።

የልጅቷ ፊት ቦግ አለ። «እውነትህን ነው አባዬ? እሺ፣ እለካዋለሁ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ጉድ ፈላ! «ለኪ» ለካ ቀኑን ሙሉ ለሴት ደንበኞቼ የምለው ቃል ነው፤ በአማርኛ ልበሺና ሞክሪው ማለት። ኦሮምኛን ከእናቷ ጡት ጋር የጠባች ልጅ ሳይገባት ቀርቶ እንዳይመስላችሁ። የሚያዋጣትን ቋንቋ መረጠች እንጂ። መሳቅ አልነበረብኝም፤ ግን ሳቅሁ። የሳቀ አባት ደግሞ ያው ፈቀደ ማለት ነው።

ጫልቱ አልሳቀችም። «ይሄ ለክተው የሚመልሱት ነው እንዴ?» አለች።

እውነቷን ነው። ከተመረቁ በኋላ ማገልገል አለ፣ የት እንደሚመደቡም አይታወቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጇ ልብስ አጠበችላት፣ ቆሎ ቆላችላት፣ ምርቃት ግን ከአፏ አልወጣም።

የመሄጃዋ ቀን ማለዳ ጫልቱ መናኸሪያ አልመጣችም። ሃዊ ከአውቶቡሱ መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «አባዬ፣ አዮን አስቀይሜ አልሄድም» አለችኝ። እናቷን አዮ ነው የምትላት። «መንገድ ላይ ሲሬ ከተማ እስክንደርስ ካልደወለችልኝ እወርዳለሁ። እመለስና እዚሁ እማራለሁ።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ቤት ገብቼ ለጫልቱ ነገርኳት። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ጉሙን ታያለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንድትደውልም ተመኘሁ፣ እንዳትደውልም ተመኘሁ። ልጄን ማታ ራት ላይ ማየት እፈልጋለሁ። ያሰበችው ቦታ ደርሳም ማየት እፈልጋለሁ።

በመጨረሻ ጫልቱ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ሲሬ ደረሳችሁ?»

«አሁን ቆመ፣ አዮ። ልውረድ?»

ከወዲያ የመንገድ ሻጮች ጩኸት ይሰማል።

«ምን ልትገዢ?» አለች ቆጣ ብላ። «አትውረጂ! መኪናው ጥሎሽ እንዳይሄድ።»

ስልኩን እጄ ላይ ጥላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። እንግዲህ ከከለከሉ አይቀር እንዲህ ነው።