የሽማግሌ ታነር ሸጋ ሳምንት

ነፍስህን ሊያድን ቆርጦ ከተነሳ ሰው የሚያድንህ የለም። ለማኝ እንኳ «እግዜር ይስጥህ» ሲሉት ወደሚቀጥለው በር ያልፋል። አዳኝህ ግን «የለም» ስታስብል «መቼ ይመጣሉ?» ይላል፤ «አይታወቅም» ስታስብል «ግድ የለም፣ ነገ እመለሳለሁ» ይላል፤ ደግሞም ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። አንዱ ስኳር አቁም እያለ ያሳድድሃል፣ ሌላው ፓርቲ ካልገባህ ይልሃል። ለእኛ ለጎንደር የቀሐ ሰፈር ሰዎች የደረሰን ግን ከአሜሪካ፣ ኢዳሆ ከሚባል አገር ድረስ የመጣ ነበር።

ክቡር ሽማግሌ ታነር ይባላሉ። ሽማግሌ ያልኳቸው እኔ አይደለሁም፤ ሞርሞን የሚባለው የአሜሪካ ሃይማኖት ሰዎች ለስብከት የሚልኳቸውን ወጣቶች የሚጠሩበት ማዕረግ ነው፣ ደረታቸው ላይ በለጠፉት ጥቁር ባጅም ተጽፏል። ዕድሜያቸው አሥራ ዘጠኝ ሲሆን ጢማቸው ይውጣ አይውጣ ገና አልወሰነም። ጎንደር ውስጥ ሽማግሌ ለመባል ሰው ቢያንስ የተኳረፉ ባልና ሚስት ማስታረቅ አለበት። ቢሆንም ሰፈራችን ማዕረግ አይነፍግም። «ሽማግሌው መጡ፣ በሩን ዝጉት» ይባባል ነበር፣ በሙሉ አክብሮት።

ለብቻቸው አይሄዱም፤ ሕጋቸው ነው። ጓደኛቸው ዕንባቆም የሚባል የቢሾፍቱ ልጅ ነበር። እሱም ባጁ ላይ ሽማግሌ ተብሎ ተጽፎለታል፣ ግን ሳቅ ስለሚቀድመው ማንም አንቱ አላለውም። ሁለቱ ከእኔ አጥር ቀጥሎ ወይዘሮ የትነበርሽ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ጠዋት ጠዋት በክረምቱ ጭቃ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ቦርሳ አንግተው ይወጣሉ። ማታ ሲመለሱ ሸሚዙን ያየ የትኛው ሰፈር እንደዋሉ ከጭቃው ቀለም ያውቃል።

ሽማግሌ ታነር አማርኛ የተማሩት ከመጽሐፍ ስለሆነ ንግግራቸው ሁሉ ቅዳሴ ቅዳሴ ይላል። ዝናብ ሲጀምር «እነሆ፣ ዝናብ መጣ» ይሉ ነበር። ውሻ ሲያባርራቸው ቆመው «ሰላም ለአንተ ይሁን» ሲሉት በዓይኔ አይቻለሁ። ውሻው ተገርሞ ተመለሰ። በር ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበር የሚናገሩት፦ «አንድ ነገር ላካፍላችሁ?»

የእኔ ዘዴ ቀላል ነበር። ልጄ ሃና በሩን ገርበብ አድርጋ «አባዬ የለም» ትላለች፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ትንፋሼን እይዛለሁ። አንድ ቀን ሽማግሌው ወደ ደጃፉ ጎንበስ ብለው አዩና «ጫማቸው ግን አለ። እሳቸው ሲመጡ ጫማቸው እንዳለ ይንገሩልኝ» ብለው ሄዱ። ቀልድ ይሁን ቅንነት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ጠላ አይጠጡም፣ ቡና አይጠጡም፣ ሻይ እንኳ አይጠጡም። «ታዲያ ከሰው ጋር ምን ይዘህ ትቀመጣለህ?» ብለው ወይዘሮ የትነበርሽ ከልባቸው አዘኑ። በመጨረሻ በሶ ተገኘላቸው። በፍልሰታ ጾም ደግሞ ቅቤ የገባበት ብስኩት ጋግረው፣ በሳህን ይዘው፣ በየቤቱ አዞሩ። በፍልሰታ ሕፃኑም እንደሚጾም የነገራቸው የለም። ልጆቹ ብስኩቱን በዓይናቸው ሸኙት፣ ሳህኑም እንደሞላ ቤቱ ገባ።

አንድም ሰው አላጠመቁም። ወዳጅ ግን አገኙ፣ አያ አድማሴ የሚባሉ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ። ሊሰብኳቸው እርሻቸው ድረስ ሄደው፣ ድንች ሲኮተኩቱ ቢያገኟቸው ቦርሳቸውን ጥለው አብረው ኮተኮቱ። ለካ የሽማግሌው አባት ኢዳሆ የድንች ገበሬ ናቸው። አያ አድማሴ ሲመሽ እንዲህ አሏቸው፦ «ልጄ፣ ሃይማኖቱን ተወው፤ እኔ ቄስ አለኝ። ድንቹን ግን ሸጋ አድርገህ አፈር ታስታቅፋለህ።» ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ይሄዱ ነበር። አያ አድማሴም «ልጄ» ሲሏቸው የአፍ አልነበረም።

ሰኞ ሰኞ ማታ ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ እሰማለሁ። ሽማግሌው ከአባትና እናታቸው ጋር በስልክ እየተያዩ የሚያወሩበት ሰዓት ነው። አባትየው ድንች በየተራ ለስክሪኑ እያሳዩ የጎንደሩን ድንች ያህላል አያህልም ይከራከሩ ነበር። ተልእኳቸው ሳያልቅ ምን ቢመጣ ወደ ቤታቸው አይመለሱም፤ የቆረጡት ነገር ነው። የቀራቸው ክር ያቺ ስልክ ብቻ ነበረች።

በሁለተኛው ክረምት ሐምሌ ላይ ኢንተርኔት ጠፍቶ ከረመ። በዚያው ሰሞን የቀሐ ወንዝ ሞልቶ ሲሻገሩ ስልካቸው ውኃ ውስጥ ገባች። አንድ ቀን ወደ ማታ የወይዘሮ የትነበርሽ ስልክ ጮኸ። ከአዲስ አበባ፣ ከሰባኪዎቹ ቢሮ ነው። የሽማግሌ ታነር አባት ድንገት እርሻ ላይ ወድቀው አርፈዋል፤ እናቱ ድምፁን ለመስማት ስልክ ይዛ ቁጭ ብላለች፤ እባክዎ ያገናኙን አሏቸው።

«የለም» አሉ ወይዘሮ የትነበርሽ። ሽማግሌ ታነር ከኋላቸው በረንዳው ላይ በሶ ይበጠብጡ ነበር።

ክፋት አይደለም። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሲመሽ አይነገርም፣ ዘመድ አጠገቡ ለሌለ ሰውም አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ የሚደግፈው ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገር። ወይዘሮ የትነበርሽ እኛን ጎረቤቶቻቸውንና ዕንባቆምን ጠርተው በሹክሹክታ ነገሩን።

«እናቱ እኮ ትጠብቃለች» አለ ዕንባቆም።

«ልጄ፣ ሰውየው እንደሆነ እስካሁን ተቀብሯል። አሁን ቢሰማ ምን ይጨምርለታል? ዛሬን በልቶ ይደር። ዘመዱ ይምጣና ይነገረዋል።»

ዕንባቆም የታላቅ ወንድሙን መርዶ የሰማው እንደዚሁ በጎህ ነበር፤ እሺ አለ። ከቢሮ ደግመው ሲደውሉም «ተነግሮታል፣ አዝኖ ተኝቷል» ተባለ። በዚያ አገር ሬሳ ዘመድ እስኪሰበሰብ ሳምንት እንደሚጠብቅ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ዘመዱ ማነው ሲባል ሁሉም አያ አድማሴ አለ። ሰው ተላከባቸው፤ ነገር ግን የአምባ ጊዮርጊስን መንገድ ናዳ ዘግቶት መኪና ቆመ። ስለዚህ ጠበቅን፣ ሽማግሌ ታነርም በተልእኳቸው አይተውት የማያውቁትን ሳምንት አሳለፉ።

የተዘጋው በር ሁሉ ተከፈተላቸው። «የለም» ያስባለ ሁሉ ቤቱ ተገኘ። ሴቶቹ ወንበር እየጠረጉ አስቀመጧቸው፣ ስብከታቸውን እስከ መጨረሻው አደመጧቸው። ቤተሰብ ለዘላለም እንደማይለያይ ሲናገሩ ሰው ሁሉ እንባውን ይጠርግ ነበር። እኔም አስገባኋቸው። ሃና ፊታቸውን ማየት ስላቃታት ጓዳ ገባች፣ በእኔ ቦታ።

ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። «አያ ጌታው፣ የሰው ልብ ተከፈተ። ለአባቴ የምነግረው ብዙ ነገር አለኝ» አሉኝ።

አያ አድማሴ ናዳውን በእግራቸው ተሻግረው ደረሱ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ግቢውን ሞላነው። ሽማግሌ ታነር በር ከፍተው ወጡ፣ ያን ሁሉ ሰው አዩ፣ ፈገግ አሉ። ለጸሎት የመጣን መስሏቸዋል። ከዚያ ወይዘሮ የትነበርሽ ሲጮኹ ደንግጠው ሮጡና እጃቸውን ያዙ። «አይዞዎት እናቴ፣ ማን ሞተ? አይዞዎት» ይሏቸዋል።

«አባትህ ነው፣ ልጄ» አሉ አያ አድማሴ።

ከዚህ ወዲያ አንቱ ማለት አይሆንልኝም፤ ልጅ ነበር። ከረባቱን ግማሽ እንዳሰረ፣ እዚያው ቆመ።

«መቼ?»

«ሳምንት ሊሆነው ነው። አይዞህ፣ ቀብሩም አልፏል» አሉት ወይዘሮ የትነበርሽ። እኛ ዘንድ ይህ ማጽናኛ ነው።

ልጁ ቀስ ብሎ «በእኛ አገር ቀብር ይጠብቃል። እናቴ ስልክ ትጠብቅ ነበር» አለ። ያደረግነው ነገር ያን ጊዜ ገባን።

በወይዘሮ የትነበርሽ ስልክ ደወለ። በእንግሊዝኛ ጥቂት ተናገረ፣ ብዙ ሰማ፣ ዘጋ። ዕንባቆም እንደነገረን እናቱ «ሳምንት ሙሉ ስልክ ይዤ ጠበቅሁህ። አባትህን ስንቀብር ሥራህን ትተህ አንዴ መደወል አቃተህ?» ብላዋለች። ልጁም የመለሰላት «ይቅርታ፣ እማዬ» ብቻ ነው።

«ምነው እኛ እንደደበቅንህ አልነገርካትም?» አሉት አያ አድማሴ።

«ብነግራት እናንተን ትጠላለች። እኔን ግን ብትቆጣም አትጠላኝም።»

ሦስት ቀን ምንጣፍ ላይ አብረነው ተቀመጥን። ንፍሮ ቀረበ፤ በላ። የሚያጽናናው ሁሉ መጣ፤ አመሰገነ። ጢሙን መላጨት ተወ፣ ያ ያልወሰነው ጢምም ቀይ ሆኖ በቀለ። እንባ ግን ጠብ አላለውም። ሴቶቹ ያላለቀሰ ሐዘንተኛ ይታመማል ብለው ፈሩ። እኔን የከፋኝ በሬን ማንኳኳት መተዉ ነው። ያንኳኳበት በነበረው ሰዓት ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ሳቆም ራሴን አገኘሁት፤ ማንም አልመጣም።

ነሐሴ ላይ ኢንተርኔት ሲመለስ አያ አድማሴ ከአምባ ጊዮርጊስ ተመልሰው መጡ። የመጡበትን ሲናገሩ አልተከራከርናቸውም። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው አያወርድም። ተበዳይዋ ኢዳሆ ብትሆንም ሥርዓቱ ሥርዓት ነው።

ለእኛ ማምሻ፣ ለእሷ ማለዳ ነበር። የሃናን ስልክ በርጩማ ላይ አቆምነው። አንዲት ዓይኗ ያበጠ ሴት ብቅ አለች፣ ከኋላዋ ምድጃና ባዶ ወንበር ይታያል። ልጇን ስታይ ፊቷ አልተፈታም። ከዚያ አያ አድማሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ስክሪኑ ፊት ቆሙ። እኛም ከኋላቸው ቆምን። ልጁ እንዲተረጉም ተነገረው።

«እመቤቴ» አሉ አያ አድማሴ፣ «ልጅሽ አልበደለሽም። መርዶውን ደብቀን ያቆየነው እኛ ነን። አገራችን እንዲያ ነው፣ ያንቺን አገር አላወቅንም። እሱ አባቱ በሕይወት ያለ መስሎት ሲስቅ ነበር የሰነበተው። አንቺ ዘንድ ያጠፋው ልጅ የለም፤ ያጠፋን እኛ ነን።»

ልጁ መተርጎም ጀመረና ቆመ። ዕንባቆም ትከሻውን ነካው። ቀጠለ። ሴትዮዋ አፏን በእጇ ይዛ ሰማችው። አያ አድማሴ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ድንጋዩ የዋዛ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ነገር ተናገረች።

ልጁ ወደ ድንጋዩ አየ።

«ምነው፣ ምን አለች?» አልነው።

«ድንጋዩን ያውርዱ ትላለች። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይከብዳቸዋል ትላለች።»

አያ አድማሴ ከድንጋዩ ሥር ሆነው ቀና አሉ። «ይህን ሥርዓት ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

ድንጋዩ ወረደ። ወይዘሮ የትነበርሽ መሬት ሳሙ። እናትየዋ ከዚያ ማዶ እጇን ወደ ስክሪኑ ዘርግታ የልጇን ስም ጠራች፣ ማዕረጉን ሳይሆን ቤት የወጣለትን ስም። ያን ጊዜ ልጁ አለቀሰ። በርጩማው ሥር ተንበርክኮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንደ አገራችን ሰው አለቀሰ። «ተመስገን» አሉ ሴቶቹ፣ እያለቀሱ።

በማግስቱ ወደ ማታ በሬ ተንኳኳ። ሃና ልማዷ ሆኖ ገርበብ አድርጋ «አባዬ …» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ከደጅ ጢማቸውን የተላጩ፣ ሸሚዛቸው የቀሐን ጭቃ የጠጣ ሰው ቆመዋል። አንድን እናት ከአንድ ሰፈር አስታርቀዋል፤ ከእንግዲህ አንቱ የምላቸው ለቀልድ አይደለም።

«አለሁ» አልኩ ከውስጥ። «ይግቡ፣ ሽማግሌ።»