ኮምባይነሩ በማን ፊደል ይምጣ?

«እማዬ፣ ከሀ እና ከኤ ማን ይቀድማል?» ብላ ልጄ ሲፈን አንድ ቀን ጠየቀችኝ። ሀሁንና ኤቢሲዲን ባንዴ የሚማር ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ አያጣም። እኔም ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩት «ሁለቱም በየቤታቸው አንደኛ ናቸው» አልኳትና ወደ ልብስ አጠባዬ ተመለስኩ። ጥበብ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። በየቤታቸው ሲሆን መልካም፤ አንድ ኮምባይነር ላይ ሲገናኙስ?

ስሜ ፋንታዬ ነው። ፈ ሀሁ ውስጥ የት እንዳለች ታውቃላችሁ፤ ተማሪ ቤት መጽሐፍ ሲታደል እኔ ጋ ሳይደርስ ያልቅ ነበር። ዘንድሮም ማኅበራችን ለስንዴ አጨዳ ኮምባይነር ተከራይቶ ተራችንን በአማርኛ ሲለጥፍ መጨረሻ ወጣሁ። ተመስገን ብዬ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ አዴ ሩቂያ ሁለተኛ ሆኑ፤ ለእሳቸው ደስ አለኝ። ባል የሞተባቸው አሮጊት ናቸው፣ መሬታቸውም ረባዳ ነው። ዝናብ አንዴ ከነካው ኮምባይነር አይገባበትም፤ የዓመት እንጀራቸው እዚያው ይበሰብሳል።

ብዙም ሳይቆይ የፊተኛው ተነሥቶ ያው የስም ዝርዝር በኦሮምኛው ቁቤ፣ በኤቢሲዲው ፊደል፣ ተጽፎ ተለጠፈ። እኔ ሦስተኛ! አዴ ሩቂያ ከግርጌ! ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ የተባለው በኮምፒውተር ይፈጸማል ብሎ ማን ጠረጠረ?

አዴ ሩቂያ የማኅበሩን ጸሐፊ ገመቹን ያዙት። እኔ ሩቂያ መባል የጀመርኩት ዛሬ ነው ወይ፣ ሁለተኛ ያደረገኝ ሰውዬ አሁን ምን አየብኝ አሉት። ገመቹ አንገቱን ደፍቶ አስረዳ፤ ኮምፒውተር ለሰው አያዳላም፣ ለየፊደሉ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ትንሹን እያስቀደመ ይደረድራል። ረ በሀሁ ከፊት ናት፣ በኤቢሲዲው ግን ወደ ኋላ ትገኛለች። «ታዲያ ስንዴዬ ቁጥር የለውም?» ቢሉት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። እኔም ተራዬን ይውሰዱ አላልኩም። ዝምታዬ ትርፍ ነበረው።

ከእኔ በፊት ያሉት ሁለቱ ታጭደው በማግስቱ ተራዬ ሊደርስ፣ አመሻሹ ላይ የጭላሎ ተራራ ጥቁር ደመና ለበሰ። ለጸሎት ቆሜ «ዝናቡን ያዝልን» ልል አልኩና፣ እስከ ማን ድረስ? እስከ ሦስተኛዋ ነው ወይስ እስከ መጨረሻዋ? ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። የእኔ ማሳ ተዳፋት ነው፤ ዘንቦበትም ሰንብቶ ይታጨዳል። ፈጣሪ በየትኛው ፊደል እንደሚደረድር አላውቅም፤ ከሁለቱ በአንዱ ግን አይመስለኝም።

ጠዋት ከኮምባይነሩ ፊት ፊት እየሄድኩ፣ ሾፌሩን የራሴን ማሳ አሳልፌ የአዴ ሩቂያ ረባዳ ድረስ አደረስኩት። ወረቀቱን አውጥቶ አየና፣ ወረቀቱ ላይ የዛሬ ተራ የፋንታዬ ነው፣ አንቺ በምን ፊደል ነው ያመጣሽኝ አለኝ።

«በስንዴው» አልኩትና ከመንገዱ ወጣሁለት።