የመምህር ላቀው ዘበኛ

የትም አገር ሂዱ፣ ሳይጠየቅ የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። ለፍኖተ ሰላም የደረሷት ክቡር መምህር ላቀው ናቸው፤ የባዮሎጂ አስተማሪ፣ የልብስ ሰፊው የደሞዝ ጎረቤትና የዘወትር መከራው። ሱሪ ሊያሳጥሩ ገብተው የጉበትን ሥራ ዘርዝረው ሳይጨርሱ አይወጡም።

በ1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አንድ የሕክምና መጽሔት ደረሳቸውና ከተማው አለቀለት። የካንሰር ህዋስ መድኃኒቱን መልሶ የሚያስወጣ ፕሮቲን አለው አሉ፤ ስሙንም «ዘበኛ» አሉት። «ግን ዘበኛው የት ነው የቆመው? ቁም ነገሩ እሱ ላይ ነው!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ሥጋ ቤት አስረዱ። ጠጅ ቤት ጠረጴዛው ላይ በጠጅ ሣሉት። በቀበሌ ስብሰባ «በር ላይ ቆሟል!» ቢሉ ሊቀመንበሩ ደንግጦ ቃለ ጉባኤ አስያዘ፤ የሌሊት ጥበቃም እንዲጠናከር ተወሰነ።

ደሞዝ ግን ሳቅ አልታየውም። እናቱን ወለተ ኢየሱስን ካንሰር ይዟታል። መጀመሪያ ያሻላት ክኒን አሁን እንቢ ብሎ እብጠቱ ተመልሷል። ሰፈሩ «ጾም ነው እያለች ትጥለዋለች» አለ። ብትምልም ደሞዝ አላመናትም፤ ስትውጥ እያያት እንኳ «ዞር ስል ትተፋዋለች» ብሎ ሁለት ወር ሙሉ አኮረፋት።

መምህሩ ይህን የሰሙ ዕለት ሳይጠሩ መጡ። ደሞዝን እፍኝ ሽንብራ አስይዘው ደጅ አቆሙትና ራሳቸው በሩ ላይ ተገተሩ።

«ወደ ቤት ወርውር!»

ደሞዝ ይወረውራል፤ እሳቸው ቤት የገባውን ከመሬት እየለቀሙ መልሰው ይወረውሩበታል።

«አየህ? መድኃኒቱማ ገብቷል! የህዋሱ ቅጥር ላይ የቆመው ነው የሚያስወጣው። ዘበኛው ህዋሱ ጓዳ ድረስም አለ የሚሉ አሉ፤ ሊቃውንቱ ገና እየተከራከሩ ነው። እርስዎ ምን አጠፉ፣ እመይቴ?»

እናቱ መደቧ ላይ ሆና ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች። «ሰማህ ልጄ? ውጬዋለሁ እኮ» አለችው። ደሞዝ ሽንብራውን ጥሎ ጉልበቷን ሳመ።

ጥቅምት ላይ አረፈች። ለቅሶው ላይ አንዷ «ክኒኗን ባትጥል ኖሮ…» ስትል ደሞዝ ወደ መምህሩ ዞረ። ክቡርነታቸው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረዳት አቅቷቸው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይንሰቀሰቃሉ። አንጀቱን በሉት።

ተነሣና ጣቱን ቀሰረ። «ዘበኛው የት ነው የቆመው? ቁም ነገሩ እሱ ላይ ነው!» አለ፤ ለቀስተኛው እስኪሰለቸው ድረስም አስረዳ።