ለዘጠኝም ለአስራ አንድም

በየሰፈሩ ቁጥር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። የነቀምቴው ግን ከሁሉም ይብሳሉ፤ ክቡር ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ኦቦ ዋቅወያ። ባጃጅ ቆሞላቸው፣ ታርጋውን ለሦስትም ለሰባትም አካፍለው ሳይጨርሱ አይሳፈሩም። ባለፈው ወር ለቀብር ሄደው እንኳ የአስከሬኑን መኪና ታርጋ ሲያዩ፣ «ከራሷና ከአንድ በቀር ለማንም አትካፈልም፤ ብቸኛ ቁጥር ናት» ብለው ሐዘንተኛውን ሊያጽናኑ ሞክረዋል።

ጎረቤታቸው ሶረቲ ተማርራባቸዋለች። የዛሬ ሳምንት የአይሱዙ ሹፌር የሆነው ባሏ ጋሩማ አሮጌው ጠፍቶበት አዲስ ሲም ካርድ አውጥቶ፣ ቁጥሩን በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በከሰል ሲጽፍላት ክቡርነታቸው ደረሱ። «ቆይ፣ ቆይ! ለስንት ትካፈላለች?» ሲደምሩ ሲቀንሱ ወጧ አረረ። «ለዘጠኝም ለአስራ አንድም፣ ያለ ቀሪ! ከመቶ አንዷ ብትገኝ ነው!» ሶረቲ የምታየው ድስቷን ነበር።

ዛሬ ጠዋት ባጃጅ ነጂው ሌንጮ እየሮጠ መጣ።

«ሶረቲ፣ ጋሩማ ከአያና ከተማ ተነስቷል?»

«ማለዳ ነው የተነሳው። በቆሎ ጭኗል። ምነው?»

«ደውዪለት! ጎርፉ መንገዱ ላይ ያለውን ድልድይ ምሰሶ ቦርቡሮታል፤ የሚያስቆም ሰውም ገና አልደረሰም። ባዶ መኪና እንደ ምንም ያልፍ ይሆናል፤ የተጫነ አይሱዙ ግን...»

ስልኳ ትናንት ባልዲ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቷል፤ አዲሱን ቁጥር ደግሞ ከግድግዳው በቀር የያዘው የለም። ሮጣ ሄዳ አየችው። ከቁጥሩ በላይ ባለው ሚስማር ላይ የሰቀለችው እርጥብ ሹራብ ከመሃል ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት አኃዞች አጥቦ ወስዷቸዋል።

ጩኸቷን ሰምተው ኦቦ ዋቅወያ ስልካቸውን ይዘው ደረሱ።

«እርስዎ ያስታውሱታል አይደል?»

«ቁጥሯን አላስታውስም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ጠባይዋን ግን አልረሳም።»

ሌንጮ ተቆጣ። «ሁለት አኃዝ ማለት መቶ ዓይነት ነው! ስንደውል ልንውል ነው?»

ኦቦ ዋቅወያ ከሰል አነሱ። «ያልጠፉት ሲደመሩ ሠላሳ አራት። ለዘጠኝ እንድትካፈል የአኃዞቿ ድምር ለዘጠኝ መካፈል አለበት፤ ስለዚህ የጠፉት ሁለቱ ድምራቸው ወይ ሁለት ወይ አስራ አንድ ነው። አስራ አንድ አማራጭ ቀረ።»

«በቃ፣ እንሞክራቸዋ!» አለች ሶረቲ።

«ቆይ» አሉ። ይህችን «ቆይ» እንደ ዛሬ ጠልታት አታውቅም። አንዱን እየዘለሉ ደመሩ፣ ቀነሱ፣ አጠፉ፣ እንደገና ጻፉ። «ለአስራ አንድም መካፈል አለባት... ሰባትና አራት!»

ደወሉ። ጠራ፤ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ሶረቲ ስልኩን ነጥቃ ደገመችው።

«ሄሎ?» ከጀርባው ሞተር ያጓራል።

«ጋሩማ! የት ደረስክ?»

«ድልድዩ እየታየኝ ነው። ምነው?»

«አቁም! ድልድዩ ተበልቷል፣ አቁም!»

ፍሬኑ ሲያፏጭ ሦስቱም ሰሙት። ሶረቲ ደጃፏ ላይ ተዘርፍጣ አለቀሰች፤ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» ከማለት ሌላ ምስጋና አልመጣላትም። ክቡርነታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ በከሰል በጠቆረ እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

በማግስቱ ለራሷም አዲስ ሲም አወጣች። ቁጥሩን ከባሏ ቁጥር ሥር ጻፈች። ወጡን ከእሳት አወረደች። ከዚያ በአጥሩ በኩል ተጣራች።

«ኦቦ ዋቅወያ! ይህችስ ለስንት ትካፈላለች?»