በየማንዋሉ የገባው የቤታችን ስልክ

ሰው አቋራጭ ይወዳል። አንዱን ነገር ዐሥር ቦታ ከመጻፍ አንድ ቦታ ጽፎ፣ በሌላው «እዚያ ተመልከት» ማለት ይቀላል። መሥሪያ ቤቶቻችን ያውቁበታል፤ ቀበሌው ወደ ከተማው ይመራችኋል፣ ከተማው ወደ ዞኑ፣ ዞኑ መልሶ ወደ ቀበሌው። ባለቤቴ ሲመራችሁ ግን የምትደርሱበት ላይ አንድ የተጻፈ ነገር ታገኛላችሁ።

ነፍሱን ይማረውና ገመቹ ሰበታ ውስጥ የወፍጮ ማሽን ለሚሠራ ፋብሪካ ማንዋል ይጽፍ ነበር። ከቡራዩ፣ ከተከራየነው ቤት ይመላለሳል። የሚጽፍበት ፕሮግራም ማንዋሎቹ የሚጋሩትን አንቀጽ አንድ ቦታ ያስቀምጥለታል፤ እዚያ ሲያርመው በሁሉም ይታረማል። «አንድ ድስት ሠርቼ ሰፈሩን ሁሉ አበላለሁ» ይለኛል። ጨው የበዛበት ቀንስ? ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ሲጠጣ ያድራላ!

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ከተሞች ሊያሰፋ የወጣው ማስተር ፕላንም እንደዚያው ነበር። አዲስ አበባ አንድ መስመር ተሰመረ፤ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ያለ ገበሬ ማሳው ከእግሩ ሥር ሲሄድ ታየው። ወጣቱ ወጣ። መንገድ ተዘጋ። ሰው ሞተ።

ገመቹ ቤት ዋለ። የጋራው አንቀጽ «ማሽኑ ከተበላሸ ሰበታ ይምጡ» ይላል፤ የሱሉልታ ወፍጮ ቤቶች በየት በኩል ይምጡ? ስለዚህ ለሱሉልታዎቹ ማንዋል ብቻ መስሎት የቤታችንን ስልክ ጻፈ። የጻፈው የጋራው ላይ መሆኑን የነገረን ስልኩ ነው፤ ከሆለታ እስከ ዱከም ወፍጮ ያለው ሁሉ ደወለ። በኋላ መንገዱ ተከፈተ፣ ፕላኑም ቀረ ተባለ። የእኛ ቁጥር እንዳለ ነው።

ገመቹ ካረፈም በኋላ ስልኩ ይጮኻል። «አካም ጂርቱ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ይለኛል ደዋዩ፤ «ኦቦ ገመቹ አሉ?» የፋብሪካውን ቁጥር እሰጠዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስልኩ ሲጮህ ደስ ይለኛል። ዛሬ ስሙን የሚጠራልኝ ሌላ የለም።

በቀደም በእሱ ቦታ የገባው ዳዊት ደወለ።

«እትዬ አልማዝ፣ እስካሁን እርስዎን ማስቸገራችን ነውር ነው። የፋብሪካው ስልክ አሁን ሽፋኑ ላይ አለ። አንቀጹን ላጥፋው? አንዴ ብነካው ከሁሉም ማንዋል ድራሹ ይጠፋል።»

ወፍጮ የቆመበት ሰው የሞተ ሰው ሲፈልግ ይክረም አይባል ነገር። «አጥፋው» አልኩት። ስልኩን ስዘጋው ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ።

በማግስቱ ደግሞ ደወለ።

«እትዬ፣ ጉድ ሆንኩ! ጥገናው፣ ጥንቃቄው፣ ዋስትናው፣ ሁሉም ‹ያንን አንቀጽ ተመልከት› ነው የሚሉት። አሁን በየገጹ ‹የተጠቀሰው አልተገኘም› ይላል።»

«ከማጥፋትህ በፊት ማን ማን እንደሚጠቅሰው አታይም?»

«ማን ያያል፣ እትዬ?»

ይኼስ እውነት ነው። ካርታ ሠሪዎቹ መቼ አዩ? አንዱን ገበሬ ሲሰርዙት በደጁ የሚያልፈው የከብት መንገድ፣ ከማሳው ገለባ የምትጠብቀው ጎረቤት፣ ድንኳን ሲተከል የሚጠራው ዕድር፣ አንዱም ካርታው ላይ የለም።

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

«መለስኩት፤ ከነስልክዎ። ሌሎቹን አንድ በአንድ እስካስተካክል ይታገሡኝ።»

«አትቸኩል፣ ልጄ» አልኩት።