የአባቴ ሙቅ ውሃ

ሰው ቤት ሲሠራ ለሁሉም ያስባል። ለእንግዳ ሰፊ ሳሎን፣ ለቁም ሣጥን የሚበቃ ጥግ፣ መኪና ባይኖረው እንኳ ለመኪና የሚሆን በር ያወጣል። ለቧንቧ ሠራተኛ ትከሻ የሚበቃ ቦታ የተወ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እናንተን ካጋጠማችሁ ንገሩኝ፤ ሄጄ እጁን እጨብጠዋለሁ።

እኔም ዲላ ላይ ቤት ስሠራ አልተውኩም። ከመታጠቢያ ቤታችን ሶሌታ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች፣ በደረት ካልሳቡ የማይገባባት አንዲት ቆጥ አለች። ውሃ ማሞቂያውን ቦይለር እዚያ ያስገባነው ከዓይን ይሰወር ብለን ነው። ታዲያ በእኛ በጌዴኦ ባዶ ቆጥ የሚባል ነገር የለም፤ ባዶ መሆኑ ከታወቀ ቡና ይገባበታል። ከሁለት ወር በፊት አባቴ ከሚኖርበት ከገደብ ስድስት ጆንያ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና ማለት ነው፣ ይዞ መጣ። ዋጋ እስኪወጣ እናንተ ጋ ይቀመጥልኝ ብሎ ከቦይለሩ ጎን ደረደረውና በዚያው ቀን ተመለሰ። በዚያው ሰሞን ቦይለሩ ማሞቅ አቆመ። አርጅቷል፣ ሞተ ብዬ ፈረድኩበት። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ በቀዝቃዛ ውሃ እየጮህኩ ታጥቤ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ ይህን ያዙልኝ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ገደብ ላይ ብቻውን ነው። ጉልበቱ ያመዋል። ና አብረን እንኑር ብዬ ሦስት ዓመት ለምኜዋለሁ፤ አንዴ ላሟን፣ አንዴ ጓሮውን፣ አንዴ ቤተ ክርስቲያኑን ምክንያት ያደርጋል። በቀደም ግን ስልክ ላይ፣ «ቤታችን ሙቅ ውሃ አለ፤ ለጉልበትህ መድኃኒት ነው» ብዬ ለቀቅኩበት። እሱም፣ «እሺ፣ ቅዳሜ መጥቼ ልያት። ውሃዋ ከተመቸችኝ እቀራለሁ። ካልተመቸችኝ እሑድ መኪና አለ» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ባለቤቴ ምህረት ከማጀት ወጥታ አየችኝና፣ «የቱን ሙቅ ውሃ ነው ቃል የገባህላቸው?» አለች። መሬት የነካሁት ያኔ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ቦይለር ገዝቼ፣ የሰፈራችንን ቧንቧ ሠራተኛ ጀማልን ይዤ መጣሁ። ጀማል እጁ ወርቅ ነው፤ ሆዱ ግን ከእጁ ይቀድማል። መሰላሉን ወጥቶ ራሱን አስገባ፣ ትከሻውን አስገባ፣ ከዚያ በኋላ ያለው አልገባም አለ።

«ወላሂ መምህር፣ ይቺ የድመት ቤት ናት። አንተ ግባ፣ እኔ እነግርሃለሁ።»

ገባሁ። መጀመሪያ ስድስቱን ጆንያ አንድ በአንድ ጎትቼ አወረድኩ። ከዚያ በደረቴ ተስቤ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ ቆርቆሮው ጀርባዬን እየጠበሰኝ ከአሮጌው ቦይለር ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጥን። ምን ዓይነት ደስታ እንደያዘኝ ልነግራችሁ አልችልም። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ የቡና ገለባ አፍንጫዬን ይኮረኩረኛል፣ እኔ ግን አባቴ ማታ እዚህ ቤት ሲያድር ይታየኛል።

«ማብሪያ ማጥፊያው መጥፋቱን እየው!» ብዬ ጮህኩ።

ጀማል ኮሪደሩን አይቶ ተመለሰ። «ጠፍቷል። በፕላስተር አሽገኸዋል እንዴ? ማንም እንዳያበራብህ! እንዲህ ነው እንጂ የተማረ ሰው!»

እኔ ምንም አላሸግኩም። ምህረት ትሆናለች ብዬ ምስጋናውን ግን ተቀበልኩ። እንዲህ ያለ ምስጋና በየቀኑ አይገኝም።

አሮጌውን ፈትቼ ለማውጣት ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ አዲሱን ለማስገባት ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት። ጀማል ከታች «ወደ ቀኝ! ቀኝህ እኮ ነው!» እያለ ሲያዝ፣ ምህረት መሰላሉን ይዛ ትስቃለች። ውሃው ሞልቶ ጠብታ እንኳ እንደማያፈስ ባየን ጊዜ ሦስታችንም እልል አልን። ጀማል፣ «አብራውና አንድ ሰዓት ጠብቅ» ብሎኝ አሮጌውን ተሸክሞ ሄደ። ጆንያዎቹን ወደ ቦታቸው መልሼ ገና ከመሰላሉ ስወርድ በሩ ተንኳኳ።

አባቴ ነው። ከሰላምታው በኋላ ወንበር ስስብለት፣ «ውሃዋ የት ናት?» አለ። ቡና አይል፣ ምሳ አይል። ሌላ ነገር ሳልል መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ።

ወደ ማብሪያው ሮጥኩ። ፕላስተሩን ልልጥ ጥፍሬን ስሰድ ከውስጥ ድምፁ ተሰማ።

«እሳት ናት! ልጄ፣ ውሃዋ እሳት ናት!»

እጄ በአየር ላይ ቀረ። ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። የውሃ ታንከራችን ጣሪያው ላይ ሆኖ የዲላ ፀሐይ ሲቀቅለው ውሏል፤ አባቴ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የታጠበው በገደብ ምንጭ ነው። ሲወጣ ፊቱ አበራ፤ ጉልበቱን ሁለቴ አጠፍ ዘርጋ አደረገና፣ «እቀራለሁ» አለ። ምህረት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ምሳ ላይ አባቴ በኮሪደሩ በኩል ተመለከተና ፈገግ አለ።

«ጎበዞች! ያቺን ማጥፊያ አልነካችኋትም። ያኔ ቡናውን ሳመጣ ሽቦዋን በዓይኔ ተከትዬ ቆጡ ላይ ስትገባ አየሁ። ኤሌክትሪክና ቡና አብረው አያድሩም ብዬ አጥፍቼ አሸግኳት። አደራ፣ ቡናዬ እስኪሸጥ ማንም እንዳይከፍታት።»

ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ገበሬው አባቴ ሽቦ ተከትሎ ማጥፊያ አገኘ፤ ፊዚክስ አስተማሪው ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ቀና ብሎ አላየም። ምህረት ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ነገሩ ገባኝ። የታጠብከው በቀዝቃዛ ውሃ ነው ብዬ ብነግረው እሑድ መኪና አለ። ዋጥኩት፤ ጉርሻውንም ነገሩንም።

ይኸው አባቴ ከእኛ ጋር ነው። ከሰዓት ከሰዓት ይታጠባል፣ ጉልበቱ ተሽሎታል፣ እስከ ጪጩ ገበያ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ቡናው ገና ዋጋ አልወጣለትም። አሮጌው ቦይለር ጀማል ቤት እንደ ጉድ ያሞቃል አሉ።

እኔ ግን ሥራዬ ማለዳ ነው፤ በዚያ ሰዓት ታንከሩ ፀሐይ አላየም። ውሃው ጀርባዬ ላይ ሲወርድ እየጮህኩ እታጠባለሁ። አባቴ ከበሩ ውጭ ቆሞ፣ «ልጄ፣ ሞቀች?» ይለኛል።

«እሳት ናት!» እላለሁ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ።